በጁባ ማዋለጃ ክፍል ጭንብሉን ማን ያድርግ?

በየካቲትና በመጋቢት ወራት የጁባ የቀን ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። ነጭ ዓባይ በከተማዋ ጠርዝ ቢያልፍም ነፋሱ እስከ ሕሙማን ክፍሎች አይዘልቅም። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የጣሪያው ማራገቢያም ይቆማል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ምጥ ለጠናባት እናት «አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያሻም። በአንጻሩ በአንድ ክንድ ርቀት ቆማ ለምታዋልደው ነርስ የእናቲቱ ትንፋሽ አደጋ ሊሆን እንደሚችልም መካድ አይቻልም።

በኮሮና ተሐዋሲ ወረርሽኝ ዘመን የዓለም ማዋለጃ ክፍሎች የተጋፈጡት ጥያቄ ይህ ነበር። ምጥ ላይ ያለች ሴት ጭንብል እንድታደርግ ልትገደድ ይገባልን? በበለጸጉት አገሮች ጥያቄው በአመዛኙ የክብርና የምቾት ጉዳይ ሆኖ ቀረበ። እንደ ደቡብ ሱዳን ባለ አገር ግን ጥያቄው እናቶች የሆስፒታሉን ደጃፍ ይረግጣሉ ወይስ በየቤታቸው ይቀራሉ ከሚለው ጋር የተቆራኘ ነው።

በአዲስ አበባ በኩል የተጓዘው ተሐዋሲ

ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያውን የኮቪድ 19 ታማሚ ያረጋገጠችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2020 ነው። ታማሚዋ ከኔዘርላንድስ ተነስታ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ጁባ የገባች የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ነበረች። አገሪቱ ተሐዋሲው ዘግይቶ ከደረሰባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ብትሆንም መዘግየቱ የዝግጅት ጊዜ ሰጣት ለማለት ያዳግታል። በዚያ ሰሞን የወጡ ዘገባዎች መላዋ ደቡብ ሱዳን የነበሯት የመተንፈሻ መሣሪያዎች አራት ብቻ መሆናቸውን አመለከቱ። በየካቲት ወር የተመሠረተው የአንድነት መንግሥት አምስት ምክትል ፕሬዚደንቶች ስለነበሩት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚደንቶች ከመተንፈሻ መሣሪያዎቿ ይበልጣሉ የሚለው ንጽጽር ብዙ ተነገረ። በግንቦት ወር ከአምስቱ አንዱ የሆኑት ሪየክ ማቻርና ባለቤታቸው አንጀሊና ቴኒ በተሐዋሲው መያዛቸው ይፋ ሆነ።

ጭንብሎቹም ቢሆኑ በአዲስ አበባ በኩል ነበር የመጡት። ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ በመጋቢት 2020 ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የላኩት እርዳታ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 100 ሺህ ጭንብል የሚያደርስ ነበር። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ለ11 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲካፈል ከመቶ ሰው ለአንዱ እንኳ አይበቃም። የሕክምና ጭንብል በአንድ የሥራ ፈረቃ ተደርጎ የሚጣል በመሆኑ 100 ሺህ ጭንብል በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞችን የሚያገለግለው ለጥቂት ሳምንታት ነው።

ከሁሉ የሚከፋ የወሊድ ስታቲስቲክስ

የጁባው ክርክር በለንደን ወይም በፓሪስ ከተካሄደው የሚለይበትን ምክንያት ለመረዳት የእናቶችን ሞት አኃዝ መመልከት ግድ ይላል። ደቡብ ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 የተካሄደ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 2,054 እናቶች እንደሚሞቱ አመልክቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ለ2020 ያወጡት ግምት ወደ 1,223 ዝቅ ቢልም በዚያ ዓመት ከዓለም አገሮች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ለኢትዮጵያ የተሰጠው የዚያው ዓመት ግምት 267 ነው።

አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀችበት በ2011 የሠለጠኑ አዋላጆቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት በጁባ የነርሶችና አዋላጆች ኮሌጅና በሌሎችም ተቋማት በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሠልጥነዋል። ሆኖም በታኅሣሥ 2013 የፈነዳው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማትን አወደመ፤ ባለሙያዎችንም በተነ። ዛሬም ድረስ እጅግ ብዙ እናቶች የሚወልዱት በቤታቸው ነው። ጤና ተቋም የምትደርሰውም አንዳንዴ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ በዚያው አጠራር በ«ቦዳ ቦዳ»፣ ተጭና ነው። በ2020 የሌሊት ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ይህ ጉዞ ይበልጥ ከበደ፤ ምጥ ሰዓት አይጠብቅምና።

ስለዚህ በዚህች አገር አንዲት ነፍሰ ጡር ሆስፒታል ደጃፍ መድረሷ ራሱ ትልቅ ድል ነው። ደጃፉ ላይ «ጭንብል ከሌለሽ አትገቢም» የሚል ዘብ ቢቆም ወይም ጭንብሉን ከደጅ ቸርቻሪ ገዝታ እንድትመጣ ብትታዘዝ፣ ከተሐዋሲው ሊያድናት የታሰበው ደንብ ከዚያ ለሚብሰው አደጋ አሳልፎ ሊሰጣት ይችላል።

ሕክምናው ምን ይላል?

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2020 ባሻሻለው መመሪያ ወረርሽኙ በሰፊው በተዛመተባቸው አካባቢዎች በሕክምና ክፍሎች የሚሠሩ ሁሉ የሕክምና ጭንብል እንዲያደርጉ መክሯል። ይኸው ድርጅት ሰዎች ብርቱ የአካል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ጭንብል እንዳይጠቀሙም አሳስቧል። ላብ ጭንብሉን ያርሰዋል፤ የራሰ ጭንብል ደግሞ አየር ለማሳለፍ ያስቸግራል፤ መከላከያነቱም ይቀንሳል። ምጥ ከሩጫ የሚያንስ ድካም ነው የሚል ካለ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት የተነገረው ለእርሱ ነው።

የብሪታንያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በዚሁ ምክንያት ሴቶች በምጥና በወሊድ ሰዓት ጭንብል እንዲያደርጉ ሊጠየቁ አይገባም የሚል አቋም ያዘ። ጭንብሉ በሆስፒታሉ መተላለፊያዎችና ከወሊድ በፊትና በኋላ በሚታረፍባቸው የጋራ ክፍሎች እንዲወሰን አደረገ። በፈረንሳይ ግን ጉዳዩ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። በጭንብል ታፍነው ለመውለድ መገደዳቸውን የተናገሩ እናቶች ድምፃቸውን አሰሙ። የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ኦሊቪየ ቬራን በኅዳር 2020 ጭንብሉ የሚመከር እንጂ የሚያስገድድ አለመሆኑን እስከ መግለጽ ደረሱ።

ከምቾቱ ባሻገር ሌላም ጉዳይ አለ። ብዙ እናቶችን የሚገድሉት ችግሮች የደም መፍሰስ፣ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘው ኤክላምፕሲያ፣ ኢንፌክሽንና የተራዘመ ምጥ ናቸው። የመቆጣጠሪያ መሣሪያ በተሟላበት ክፍል እነዚህን የሚጠቁሙ ማሽኖች አሉ። መሣሪያ በሌለበት ግን አዋላጇ ከምትመለከታቸው ምልክቶች አንዱ የእናቲቱ ፊት ነው። የከንፈር መገርጣትና መጥቆር፣ የአተነፋፈስ ለውጥ፣ የንግግር መዛባት የሚታዩት እዚያ ነው። እናቲቱ ቢያስመልሳት ወይም የሚጥል በሽታ መሰል እንቅጥቅጥ ቢይዛት አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ በራሱ አደጋ ይሆናል።

ቋንቋም አለ። ጁባ የባሪ፣ የዲንካ፣ የኑዌርና የሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው የሚግባባው በጁባ ዐረብኛ ነው። ከገጠር ወይም ከመጠለያ የመጣች እናትና የሚያዋልዳት ባለሙያ በቃል ሳይግባቡ ሲቀሩ በፊት ገጽታና በምልክት ይግባባሉ። በከተማዋ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶችም፣ ዐረብኛው ካልሆነላቸው፣ ይህን ችግር ይጋራሉ።

የአዋላጇስ ሕይወት?

የእናቲቱን ነጻነት ብቻ አንሥቶ ማቆም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በለንደን ሆስፒታል እናቲቱን ከጭንብል ነጻ ማድረግ የሚቻለው አዋላጇ በበቂ መከላከያ እንደምትሸፈን ታሳቢ ተደርጎ ነው። በጁባ ይህን ታሳቢ ማድረግ አይቻልም። ጓንት፣ ሽርጥና ጭንብል በሚያጥርበት ክፍል ውስጥ እናቲቱ ጭንብል እንድታደርግ የሚታዘዘው ለአዋላጇ የሚሆን ጭንብል ስለጠፋ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደንቡ መንግሥትና ለጋሾች ሊሸከሙት የሚገባውን ሸክም በምጥ ላይ ባለች ሴት ፊት ላይ መጫኛ ይሆናል።

አዋላጆች ጥቂት በሆኑበት አገር አንዲት አዋላጅ ታማ ለሁለት ሳምንት ስትለይ ክፍሉ ባዶ ሊቀር ይችላል። ደመወዛቸው ለወራት የሚዘገይባቸው ባለሙያዎች ያለ መከላከያ ሥሩ ሲባሉ «አይሆንም» ቢሉ የሚፈረድባቸው አይደሉም። የእናቲቱና የአዋላጇ ጥቅም የሚጋጨው የዕቃው ካዝና ባዶ ሲሆን ነው። ካዝናው ሲሞላ ግጭቱ በአብዛኛው ይከስማል።

ከኢቦላና ከጎረቤት የተገኘ ትምህርት

በ2014 በምዕራብ አፍሪካ የተቀሰቀሰው የኢቦላ ወረርሽኝ አንድ መራራ እውነት አስተምሯል። በላይቤሪያ፣ በሴራሊዮንና በጊኒ ብዙ ነፍሰ ጡሮች ከሆስፒታል የሸሹት ተሐዋሲውን ፈርተው ነው፤ የሚደርስባቸውንም አያያዝ ፈርተው ነው። በፍርሃቱ ምክንያት ቤታቸው ቀርተው የሞቱ እናቶች በኢቦላ ሟቾች ዝርዝር ውስጥ አይቆጠሩም። በሆስፒታል ላይ ያለው እምነት አንዴ ከተናጋ ወረርሽኙ ካበቃ በኋላም ለመመለስ ጊዜ ይፈጃል።

በኢትዮጵያም በሚያዝያ 2020 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ጭንብል ማድረግን ግዴታ አድርጎ ነበር። ኋላም ጭንብል ላላደረገ አገልግሎት አይሰጥ የሚል ዘመቻ ተካሂዷል። ለባንክና ለታክሲ ደንቡ ሊያስኬድ ይችላል። ባንክ ነገ ይኬዳል፤ ምጥ ግን ቀጠሮ የለውም። ከ300 ሺህ በላይ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞች ለተጠለሉባት ጋምቤላም ልዩነቱ ተጨባጭ ነው።

ጥያቄው ዛሬም አላበቃም

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት በግንቦት 2023 ማብቃቱን አስታውቋል። ደቡብ ሱዳንን የሚያንዣብብባት ወረርሽኝ ግን አላበቃም። በጥቅምት 2024 መገባደጃ የኮሌራ ወረርሽኝ ታወጀ፤ በጥር 2025 ደግሞ ጎረቤት ዩጋንዳ ኢቦላ ዳግም መከሰቱን አስታወቀች። የውጭ እርዳታ በተቀነሰበት በዚህ ወቅት ጭንብልና ጓንት ከሚታጠፉት ወጪዎች መካከል እንዳይሆኑ የሚያሰጋ ምክንያት አለ።

ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይደርስ ሊጻፍ የሚገባው ደንብ ረጅም አይደለም። ጭንብል የሌላት እናት ከደጃፍ አትመለስም፤ ጭንብሉ በነጻ ይሰጣታል። በመተላለፊያና በጋራ ክፍል ታደርጋለች። ምጡ ሲጠና ማድረግም ማውለቅም የእርሷ ውሳኔ ነው፤ ሲያስመልሳት ወይም ራሷን ስትስት ወዲያው ይወልቅላታል። አዋላጇ ያለ መከላከያ አትሰማራም። መስኮት ይከፈታል። የሕመም ምልክት ያላት እናት ስታጠባ እጇን ታጥባ ጭንብል ታደርጋለች እንጂ ከልጇ አትነጠልም። ለሕፃኑ ግን ፈጽሞ ጭንብል አይደረግለትም።

ከእነዚህ ነጥቦች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ገንዘብ የሚጠይቀው የአዋላጇ መከላከያ ነው፤ የጁባ ባለሥልጣናትና ለጋሾቻቸው ለእናቶች ያላቸው አሳቢነት የሚመዘነውም በዚሁ በጀት ይሆናል። በአገራችን የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ጁባም ውስጥ ይህን ምርቃት በአማርኛ የሚሰሙ እናቶች አሉ። ምርቃቱ እንዲደርሳቸው አስቀድሞ የሆስፒታሉ በር ሊከፈትላቸው ይገባል።