ኮዴይን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ ይከልከል
ኮዴይን በራሱ ሕመምን የማስታገስ ኃይሉ ደካማ ነው፤ የሚሠራው ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ በአንዳንድ ሰዎች እጅግ ስለሚፈጥን በትክክል የተለካ መጠን እንኳ የልጅን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ በዚህ ሳቢያ የሞቱ ሕፃናት አሉ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች እንዳይሰጥ፣ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለማንኛውም ሕመም እንዳይታዘዝ ከለከለ። ክንዱ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የ14 ዓመት ልጅ ግን ከክልከላው ውጭ ነው።

ይኸው መሥሪያ ቤት ባሳተመው ሠንጠረዥ እጅግ ፈጣን ለዋጮች ከአፍሪካ አሜሪካውያን ከ3.4 እስከ 6.5 በመቶ፣ ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ናቸው። የሕክምና ቅጾች ሁለቱን «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን ሲጨምሩ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

«ሕክምናን በትውልድ መለየት አድልዎ ነው» ለሚሉን፣ መለየትን አልጠየቅንም፤ ለማንም ልጅ አይሰጥ ነው ያልነው። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አሉ፤ ካልበቁም ይህን ኢንዛይም የማይጠብቀው ሞርፊን በሐኪም ክትትል ይሰጥ። እስከዚያው የመውጫ መመሪያው በአማርኛ ይጻፍ፤ ለመቀስቀስ ያስቸገረ ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ አፋጣኝ የድንገተኛ ጥሪ እንደሚያሻው በመጀመሪያው መስመር ላይ ይስፈር።