ባዶነት የሰነፍ መሸሸጊያ አይደለም

«የቡድሃ ትምህርት ሁሉም ነገር ባዶ ነው ይላል፤ እንግዲያው ምን አስጨነቀን?» የሚሉ ወገኖች በመካከላችን በርክተዋል። አንዱ ይህን ይዞ ትምህርቱን ያጣጥላል፤ ሌላው ይህንኑ ይዞ አልጋው ላይ ይጋደማል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተቱም አዲስ አይደለም፤ ከ1,700 ዓመት በላይ ቀድሞ መልስ ያገኘ ነው።

መልሱን የሰጠው በ2ኛው መቶ ዘመን ገደማ የኖረው ሕንዳዊው መነኩሴ ናጋርጁና ነው። 27 ምዕራፎች ባሉት ዋና ድርሰቱ፣ በ24ኛው ምዕራፍ፣ የተቃዋሚውን ክስ ራሱ አስቀድሞ ያቀርባል፦ ሁሉ ባዶ ከሆነ ቡድሃ ስለ ሥቃይና ስለ ሥቃይ ማብቂያ ያስተማራቸው አራቱ እውነቶች ፈረሱ ማለት ነው።

እስቲ እንጠይቅ፦ ባዶ ከምን? ሰዎቻችን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ማሰሮው ባዶ ነው ስንል ማሰሮው የለም ማለታችን ነው እንዴ? ጠላ የለበትም ማለታችን እንጂ! ናጋርጁናም ነገሮች የሉም አላለም፤ በራሱ የቆመና የማይለወጥ ባሕርይ የላቸውም ነው ያለው። እንጀራው ከጤፉ ነው፤ ጤፉ ከዝናሙና ከገበሬው ላብ ነው። ከእነዚህ ተነጥሎ ለብቻው የቆመ «እንጀራነት» ቢፈልጉት አይገኝም። እንጀራው ግን ያጠግባል።

ክሱ የሚገለበጠውም በዚሁ ነው። ሥቃይ የማይለወጥ ባሕርይ ቢኖረው ኖሮ ማን ያስወግደው ነበር? ከምክንያት የመጣ ስለሆነ እኮ ነው ምክንያቱ ሲነቀል አብሮ የሚነቀለው! ባዶነት መንገዱን አያፈርስም፤ የሚያስኬደው እሱ ነው። ያለሱ ምግባሩም ተመስጦውም ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ባዶነትን ራሱን ጣዖት ለሚያደርጉትም ናጋርጁና ማስጠንቀቂያ አለው፦ አያያዙን ለማያውቅ ሰው፣ ባዶነት እንደ እባብ ነው፤ ያዡን ይነድፋል።

በኑሮስ ምን ይፈይዳል? በ8ኛው መቶ ዘመን በናላንዳ ገዳም የኖረው ሻንቲዴቫ ነገሩን ወደ ርኅራኄ ወሰደው። «እኔ» ብለን ያጠርነው አጥር ከባሕርይ የመጣ ካልሆነ፣ የሌላው ሥቃይ አይመለከተኝም ማለት ከየት ይመጣል? እግር እሾህ ሲወጋው እጅ «ሕመሙ የእኔ አይደለም» ብሎ ይቀመጣል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ መተኛት ካሰኘህ ተኛ። ስሙን ግን ስንፍና በለው፤ ናጋርጁናን ምስክር አትጥራበት።