ከተለጣፊው በፊት ጀርባው ይታይ

በጎንደር ማራኪ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ፣ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አይ 5 ነው አይ 7?» ብሎ ነው። መመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ የድርጅት ሒሳብ የሚሠራ ባለሙያ ከዚህችው ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄዋ ግን ስለ ማሽኑ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ገንዘብ መባከን የሚጀምረውም ከእሷ ነው።

ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 እና ዴል ላቲቲዩድ ኢ7440 ከተገጠሙላቸው ፕሮሰሰሮች አንዱ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 7-4600ዩ ነው። ስሙ ቢገንም ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። ስለዚህ «አይ 5» የተባለው ቲንክፓድ ቲ480 ወይም ኤሊትቡክ 840 ጂ5 «አይ 7» ተብሎ በላቀ ክብር የሚሸጠውን ሽማግሌ በሩቁ ይቀድመዋል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ትናገራለች። ገዢው ዓይኑን መጣል ያለበት እሷ ላይ ነው።

ይህች ቁጥር ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቷ ጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በዚያ ቀን አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ጄኔሬሽን ይጀምራሉ። በአቋራጭ የሚጭኑ አሉ። የደንበኛ ሰነድና የሒሳብ መዝገብ በሚይዝ የሥራ ማሽን ላይ ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ አይመከርም።

ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሎ ተወድዷል። ዛሬ የተገዛ ላፕቶፕ ብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርበታል ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወሳኙ ነገር ሲበላሽ ምኑ ሊቀየር ይችላል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ቲ480ን የሚያህል ጥሩ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ተንሸራቶ የሚወጣ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳያጠፉ የውጪውን በሌላ መተካት ይቻላል። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ቀጭን፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ራሙ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ 8 ጊጋ የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው በ8 ጊጋ ይኖራል። ራም ሲገዛም መልክ አያታልል። ኤሊትቡክ 840 ጂ1 የሚቀበለው ዲዲአር3ኤል፣ ጂ5 ደግሞ ዲዲአር4 ነው። ጠርዛቸው ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይገባም፤ ግድ ቢሉት ማስገቢያውን ይሰብራል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር መባል አለበት፤ በሻጭና በገዢ ንግግር ውስጥ እምብዛም አይነሣምና። የተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ጎንደር ከዚያ በታች ናት፤ ደባርቅም በ2,850 ሜትር ገደማ ለጥቂት ታመልጣለች። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበርና ጨነቅ ግን ከጣሪያው በላይ ናቸው። ለተመራማሪ፣ ለአስጎብኚና ለፓርክ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ሳህን የሌለው ኤስኤስዲ ቅንጦት አይደለም። ጎንደር ላይም ቢሆን አየሩ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋን ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። አቧራ የጠቀጠቀው ፋን ሲጨመርበት ማሽኑ ራሱን ከግለት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

ሌላው ብክነት የሚመጣው ከጥገናው ነው። በብዙ የዴል ላቲቲዩዶች ክብ ቻርጀር ጫፍ መሃል ላይ እንደ መርፌ የቀጠነች ሽቦ አለች። ኃይል አታስተላልፍም፤ ሥራዋ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ መንገር ነው። እሷ ከጎበጠች ወይም ከተሰበረች ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያወርዳል። ሲከፈት ቻርጀሩን መለየት እንዳልቻለ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ተጠቃሚው ግን ቁልፍ ተጭኖ ያልፈዋል። ከዚያ «ተንቀረፈፈ» ተብሎ ጥገና ቤት ይገባል። ፎርማት ይደረጋል፣ ራም ይጨመራል፣ የወራት ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ማሽኑ ግን ያው ነው። ትክክለኛ ቻርጀር ከጎረቤት ተውሶ መሞከር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ መከመር አግባብ አይደለም። ደንበኛው ለተገጠመ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል፤ ለምርመራ መክፈል ግን አይወድም። ምርመራ በነጻ፣ ዕቃ በዋጋ ከሆነ ዕቃው መሸጡ አይቀርም። የማራኪ ጥገና ቤቶች የምርመራ ዋጋ ለይተው ቢለጥፉ፣ ደንበኛውም ሳይከራከር ቢከፍል፣ ሁለቱም ያተርፋሉ። መመርመሪያው ደግሞ እማሽኑ ውስጥ አለ፤ ዴል ሲከፈት ኤፍ12 ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር «ዳያግኖስቲክስ»ን ሲመርጡ፣ ኤችፒ ደግሞ ኤፍ2 ሲጫኑ ራምንና ዲስክን የሚፈትሽ ፕሮግራም ይመጣል። ዊንዶውስም ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሁለቱንም የማየት መብት አለው፤ ይህን የሚከለክል ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

በጨረታ በጅምላ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ደግሞ በዝርዝራቸው ላይ «ኮር አይ 7» ብለው ማቆም የለባቸውም። ጄኔሬሽኑ፣ የራም ማስገቢያው ቁጥር፣ የኤስኤስዲው ዓይነት፣ ባትሪው ያለ ብየዳ የሚቀየር መሆኑ በጽሑፍ ይግባ። ርክክቡ ላይም ከየካርቶኑ ጥቂት ላፕቶፖች ወጥተው የኋላ ክዳናቸው ተፈቶ፣ የውስጣቸው ከውሉ ጋር ተመሳክሮ ይፈረም።