ዳኛው ከቅጣት መመሪያው መቼ ይውጣ?

ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ነፍስ አጥፍተው ሁለቱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ጥፋተኛ ቢባሉ፥ ሕጉ ለዳኛው የሚተውለት ስፋት ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንዱ ችሎት 7 ዓመት፥ ጎረቤቱ 18 ዓመት ቢፈርድ ሁለቱም ከሕግ አልወጡም። ነገር ግን የእስረኛው እናት የልዩነቱን ምክንያት ስትጠይቅ «ዳኛው ስለ ተለየ ነው» ከማለት በቀር መልስ ከታጣ፥ ያ ዕጣ ነው እንጂ ፍርድ አይባልም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ያዘዘው ስለዚህ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2002 ዓ.ም. አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎ ቁጥር 2 አለው። ወንጀሎች በእርከን ተደለደሉ፤ ማክበጃ ሲኖር ወደ ላይ፥ ማቅለያ ሲኖር ወደ ታች ይቆጠራል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዳኛውን ሒሳብ ሹም አደረገው» ብለው ያፌዙበታል። ሒሳብ መሥራት ነውር የለውም፤ ነውሩ ሒሳቡ ሰውየውን ሲረሳ ነው።

ያው አንቀጽ 88 ደግሞ ቅጣቱ በጥፋተኛው የግል ጥፋት መጠን ይወሰን፤ ያለፈ ታሪኩ፥ ለወንጀሉ ያነሣሣው ምክንያት፥ የግል ኑሮውና የትምህርቱ ደረጃ ይታይ ይላል። መመሪያው ለዳኛው የመውጫ በር የተወለት ይህን ቃል ለመጠበቅ ነው። ክርክሩ በሩ መቼ ይከፈት በሚለው ላይ ነው።

በእኛ አስተያየት በሩ የሚከፈተው በመዝገቡ ውስጥ እርከኑ ያልመዘነው ነገር ሲገኝ ነው። ለዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሴት ባሏን ገደለች እንበል። ማቅለያው በሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ጥቂት እርከን ያወርድላት ይሆናል፤ የኖረችበት ሥቃይ ግን በእርከን ቆጠራ አያልቅም። በአንጻሩ ጋዜጣ ስለ ጮኸ፥ የሟቹ ወገን ስለ ከበረ፥ ወይም ዳኛው ራሱ ስለ ተቈጣ ቅጣትን ከእርከኑ በላይ መስቀል ከበሩ መውጣት ሳይሆን አጥር መዝለል ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። መመሪያው ራሱ የተዛባ ቢሆንስ? በአሜሪካ 1 ግራም ክራክ በ100 ግራም ዱቄት ኮኬይን ሒሳብ ያስቀጣ ነበር፤ በክራክ የሚከሰሱት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። አንድ የቨርጂኒያ ዳኛ መመሪያው ቢያንስ 19 ዓመት በሚልበት መዝገብ 15 ዓመት ፈረደ፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 አጸናለት። መመሪያው አስገዳጅነቱን ካጣ ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ምክር ቤቱ ልዩነቱን ወደ 18 ያወረደው በ2010 ነው። ዳኛው ዝም ብሎ ቢደምር ኖሮ ስንቱ በከንቱ በታሠረ!

ዳኛው ግን ምክንያቱን ይጻፍ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ያገራችን ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «የነገሩን ሁኔታ በመመልከት» የምትል አንዲት ሐረግ ምክንያት አትባልም፤ ይግባኝ ሰሚውም ሊመረምራት አይችልም።

የሕግ መምህሮቻችን ከመመሪያው የወጡ ውሳኔዎችን የባለጉዳዮቹን ስም አስቀርተው ለቤተ መጻሕፍታችን ቢያሰባስቡልን፥ ማባዛቱንና መጠረዙን ማኅበራችን ይችላል።