የመረጃን መነሻ በመሰኪያ ስለ መለየት

አሪቻ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኝ በቡናዋ የታወቀች ሥፍራ ናት። በእንዲህ ያለ አካባቢ የቡና አደራረቅን የሚያጠና ተመራማሪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ልኬት ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ነው። መነሻ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል የቡናው ዘርፍ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይሸጥ ስለነበር፣ የማጠቢያ ጣቢያው ማንነት ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ተመሳሳይ አደጋ በተመራማሪው ጠረጴዛ ላይም አለ። የየጣቢያው የሙቀትና የእርጥበት ልኬት በፍላሽ ተጭኖ ሲመጣና ፍላሾቹ በአንድ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩ፣ ከርነሉ ስም የሚሰጣቸው ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ እያለ። ትናንት ኤስዲቢ የተባለው ዛሬ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል። መረጃ የሚገለብጠው ፕሮግራም በዚህ ስም ከተመራ የአንዱ ጣቢያ መዝገብ በሌላው ፎልደር ይቀመጣል። የጠፋ ፋይል ይታወቃል፤ ቦታው የተሳሳተ ፋይል ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ እስከ ትንተናው ይዘልቃል።

የተለመደው መፍትሔ በዩዩአይዲ፣ ማለትም በዲስኩ ላይ በተጻፈው መለያ መጠቀም ነው። ይህ ከቦታው ለማይነቃነቅ ዲስክ ተስማሚ ነው። የመስክ ፍላሽ ግን ይጠፋል፣ ይተካል፣ ፎርማት ይደረጋል፤ መለያውም አብሮ ይለወጣል። የማይለወጠው መሰኪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተዋወቀው ዩዴቭ ዛሬ በ/ዴቭ/ዲስክ/ባይ-ፓዝ ሥር ለእያንዳንዱ ዲስክ ከመቆጣጠሪያውና ከመሰኪያው ቁጥር የተገነባ አድራሻ ያኖራል። ይህ አድራሻ በኤፍኤስታብ ፋይል ከአንድ ቋሚ ፎልደር ጋር ይያያዛል። ኖፌይል የተባለው አማራጭ ሲጨመር ፍላሽ ባይሰካም ኮምፒዩተሩ ሳይስተጓጎል ይነሣል፤ ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት ሲጨመር ደግሞ ፍላሹ ፎልደሩ በተከፈተ ጊዜ ማውንት ይሆናል። ማውንት የማድረጉን ትእዛዝ በዩዴቭ ደንብ ውስጥ መጻፍ ግን አይመከርም፤ ሲስተምዲ ዩዴቭን ከቀረው ሥርዓት በተለየ የማውንት ክልል ስለሚያሠራው ውጤቱ ለተጠቃሚው ላይታይ ይችላል።

ዘዴው ገደብ አለው። ሀቡ ከአንድ መሰኪያ ወደ ሌላ ከተዛወረ አድራሻዎቹ ሁሉ ይለወጣሉ። አንድ የዩኤስቢ 3 መሰኪያም እንደሚሰካበት ፍላሽ ዓይነት በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን መሰኪያ የሚመሰክረው ፍላሹ የት እንደተሰካ እንጂ ምን እንደያዘ አይደለም የሚለው ነው። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚያስከትለው ግን ዘዴውን መተው ሳይሆን ሁለተኛ ምስክር መጨመር ነው። በየፍላሹ ውስጥ የጣቢያውን ስም የያዘ አጭር ፋይል ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙም ይህን ስም ከመሰኪያው ጋር አስተያይቶ ካልተስማሙ ቅጂውን ያቁም።

የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የናሙና አመራረጥን በጥንቃቄ ይዘረዝራሉ፤ መረጃው ከመስክ ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያነሡም። የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ይህንንም በጥቂት መስመር ሊገልጽ፣ አማካሪዎችም ሊጠይቁት ይገባል። መነሻው ያልተረጋገጠ ቁጥር ስለ አሪቻም ሆነ ስለ ሌላ ሥፍራ ምንም አያስረዳም።