ሁለት ኬብል ሰክተው ፍጥነቱ ለምን አልጨመረም?

የሠርግ ቪዲዮውና የልጆቹ ፎቶ በየስልኩና በየፍላሹ ከሚበታተን አንድ ቦታ ይቀመጥ ብለው የቤት ማከማቻ ሰርቨር፣ በተለምዶ «ናስ» የሚባለውን፣ ገዝተው ከሆነ ከጀርባው ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ ሳያዩ አልቀሩም። ሁለቱን ኬብል አጣምሮ እንደ አንድ መጠቀም ይቻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለተኛው ኬብል ተሰክቶም ቪዲዮው የሚገለበጠው በዚያው በድሮው ፍጥነት ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሰርቨሩ ከኮምፒውተርዎ ላይ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ኬብል ማጣመር ምን እንደሚሠራ እንይ። መንገድ ሲሰፋ ብዙ መኪና ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ አንዱ መኪና ከአቅሙ በላይ አይሮጥም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው 802.3ኤዲ የሚባለው የማጣመሪያ ደንብም የአንድን ግልበጣ መረጃ በአንድ ኬብል ብቻ ይልካል፤ በሁለት ቢከፍለው ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላልና። ስለዚህ እርስዎ ቪዲዮ ሲገለብጡ ልጆቹ ሳሎን ፊልም ቢያዩ ጥቅሙ ሊሰማችሁ ይችላል። ብቻዎን ሲገለብጡ ግን ሁለተኛው ኬብል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህ ብልሽት አይደለም።

እውነተኛውን ብልሽት ለመለየት ፍጥነቱን ይለኩ። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፎቶዎችን ሳይሆን አንድ ትልቅ ፋይል ይገልብጡ። በባለ 1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ካዩ ጤናማ ነው፤ 100 ጊጋባይት ቪዲዮ በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል። 11 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ ግን ያው ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ቁጥሩ 11 አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8 ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢት ግን 4 ይበቃሉ። በር ሲረግጠው ወይም ሶፋ ሲጫነው አንዷ ሽቦ ብትቆረጥ መስመሩ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። በሰርቨሩ የኔትወርክ ገጽ ላይ እያንዳንዱ መሰኪያ 1000 ማለቱን ይመልከቱ። 100 የሚለውን ካገኙ ኬብሉን ይቀይሩ። በኮምፒውተሩና በስዊቹ መካከል ያለውንም እንዲሁ ይፈትሹ።

ግንኙነቱ አንዴ እየመጣ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ስዊቹ ጋ ሊሆን ይችላል። 802.3ኤዲን ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ስዊቹም ሊያውቀው፣ ሁለቱ መሰኪያዎችም በስዊቹ ላይ በአንድ ቡድን ሊመዘገቡ ይገባል። ማስተካከያ ገጽ የሌላቸው ርካሽ ስዊቾችና አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ይህን አያውቁም። መፍትሔው ሌላ ስዊች መግዛት ብቻ አይደለም። ከሰርቨሩ ምርጫዎች ውስጥ አንዱ ኬብል ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ የሚሆንበትን ይምረጡ፤ ይህ ከስዊቹ የተለየ ነገር አይጠይቅም።

ሁለቱን ኬብል እንዳጣመሩ ሰርቨሩ ከጠፋብዎት ደግሞ ሪሴት ለመጫን አይቸኩሉ። አድራሻው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በራውተሩ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። ከሌለ አንዱን ኬብል ነቅለው በሌላው ብቻ ይሞክሩ።

ሁሉም ሲስተካከል አንድ የመጨረሻ ፈተና አለ። ሌላ ቅጂ ያለውን ፋይል እየገለበጡ አንዱን ኬብል ይንቀሉ። ግልበጣው ለአፍታ ቆም ብሎ መቀጠል አለበት። መልሰው ሰክተው ትንሽ ከጠበቁ በኋላ ሌላውን ይንቀሉ። በአንደኛው ከተቋረጠ ማጣመሩ በስም ብቻ ነው ማለት ነው።

ለአንድ ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ከፈለጉ የሚያዋጣው ባለ 2.5 ጊጋቢት መሰኪያ ነው። ካት 5ኢ ኬብል ስለሚበቃው ግድግዳ መቅደድ ላያስፈልግዎ ይችላል። ነገር ግን ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ኮምፒውተሩም ይህን ፍጥነት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ገንዘቡ ባከነ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስቡ። ሁለት ኬብል የሚያድንዎት ከኬብልና ከመሰኪያ ብልሽት ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ሲቃጠል፣ መብራት በድንገት ሄዶ ሲመጣ፣ ሌባ ሲገባ ወይም ልጅ በስህተት ፎልደር ሲያጠፋ ምንም አይረዳም። በጀትዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስዊቹ ይቆይና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ። የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ገልብጠው እህትዎ ወይም ወንድምዎ ቤት ያስቀምጡት፤ በየጊዜውም ያድሱት። ቀጥሎ ለሰርቨሩ ዩፒኤስ ይግዙለት። የስዊቹ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። ግልበጣ ቢዘገይ ቡና እስኪፈላ ይጠበቃል፤ የጠፋ የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ግን ድጋሚ አይቀረጽም።