ዘይቱን ወደብን የጣላት ምንድን ነው?

በደቡብ ምሥራቅ ቻይና ባሕር ዳርቻ ያለችው ፉጂያን ተራራማ ግዛት ናት፤ የአገሬው ሰው ከአሥር እጅ ስምንቱ ተራራ ነው ይላል። የዉዪ ተራሮች ከመሀል አገር ይነጥሏታል። የሚታረስ መሬት የጠበበው ሕዝብ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ፤ ዐረቦች ዘይቱን ይሏት የነበረችው ቿንዡ የገነነችውም በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶንግ መንግሥት በ1087 የባሕር ንግድ ቢሮ ከፈተባት። ኢብን ባቱታ በ1345 አካባቢ ሲደርስ ከዓለም ታላላቅ ወደቦች ተርታ አሰለፋት። ንግዷን ለማወቅ በ1974 ከጭቃ ተቆፍሮ የወጣውን መርከብ ማየት ይበቃል። የሰጠመው በ13ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ነው። ሆዱ በ12 ግድግዳዎች ለ13 ክፍል ተከፍሏል፤ አንዱ ቢሸነቆር ውሃው ወደሌላው እንዳይሻገር ነው። ውስጡ መዓዛ ያለው እንጨት፣ ቁንዶ በርበሬና ዕጣን ተገኝቷል። ያኔ ቻይና የምትሻው ዕጣን ደግሞ በአብዛኛው ከደቡብ ዐረቢያና ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ የሚሄድ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለች ወደብ እንዴት ወደቀች? ብዙዎች ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ፦ የጂን ወንዝ ደለል፣ እንዲሁም የሚንግ መንግሥት ከ1371 ጀምሮ በግል ነጋዴዎች ላይ የጣለው የባሕር እገዳ። ሁለቱም ጎድተዋታል፤ ውድቀቷን ለማስረዳት ግን አይበቁም። በ1567 እገዳው ሲላላ የግል ንግድ የተፈቀደው እዚያው ፉጂያን ውስጥ በዩዌጋንግ ነው። ዩዌጋንግም ጥልቀት የሌላት የወንዝ ወደብ ነበረች፤ ትልልቆቹ መርከቦች በትንንሽ ጀልባዎች እየተጎተቱ ነበር ወደ ባሕር የሚወጡት። እንዲያም ሆኖ የማኒላ ብር ጎርፎላታል። እገዳውም ቢሆን የፉጂያንን ሰው ኮንትሮባንዲስት አደረገው እንጂ ከባሕር አላስቀረውም።

እኔ ዋናውን ምክንያት የማየው ከእገዳው በፊት ነው። በ1357 በከተማዋ የሰፈሩ የፋርስ ተወላጅ ወታደሮች በዩዋን መንግሥት ላይ ዐመፁ። ዐመፁ በ1366 ሲደመሰስ የውጭ ተወላጆች በጅምላ ተጨፈጨፉ፤ የቻለ ሸሸ። የሩቅ ንግድ ቆሞ የሚሄደው በመተማመን ነው። በሆርሙዝ ያለ ነጋዴ ዕቃውን በዱቤ የሚልከው ቿንዡ ላይ የሚቀበለው ዘመድ ወይም የእምነት ወንድም ሲኖረው ነው። ያ ተቀባይ ከጠፋ የፈቃድ ወረቀትም ሆነ ጥልቅ ውሃ ዋጋ የለውም።

የጥፋቱን ልክ ድንጋዮቹ ያሳያሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ቅጥር ሲፈርስ ዉ ዌንልያንግ የተባለ የአካባቢው መምህር የመቃብር ድንጋዮችን እየለቀመ ሰበሰበ። ገሚሶቹ ዐረብኛ ተጽፎባቸዋል፤ በሌሎቹ ላይ ክንፍ ያላቸው መላእክትና በሎተስ አበባ ላይ የቆመ መስቀል ተቀርጿል። የሰው መቃብር ለግንብ መሥሪያ የሚውለው «የአባቴ ነው» ብሎ የሚከራከር ሲታጣ ይመስለኛል። የተረፉት እምነታቸውን ሸሽገው ኖሩ። የሙስሊሞቹ ዘር የሆኑት የዲንግና የጉዎ ቤተሰቦች እንደ ጎረቤቶቻቸው ለአያቶቻቸው መሥዋዕት ያቀርባሉ፤ የአሳማ ሥጋ ግን አያስገቡበትም።

የንግድ ቢሮው ወደ ፉዡ የተዛወረው ከጭፍጨፋው መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የቢሮው መሄድ የውድቀቷ ምልክት እንጂ መነሻ አልነበረም። የቺንግ መንግሥት በ1661 ታይዋን ላይ የመሸገውን ተቀናቃኙን ዠንግ ቸንግጎንግን ለማስራብ ሲል የባሕር ዳርቻውን ሕዝብ አፈናቀለ። በ1684 ባሕሩ ዳግም ሲከፈት ንግዱ የሄደው ወደ ቿንዡ ሳይሆን ወደ ሺያመን ነበር።